«ሌይ ኦፍ» ማለት «ተባረረች» ማለት አይደለም
(በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው በዚህ በአሜሪካ ሥራ ቦታ ሁላችንም ስለምንሰማው የእንግሊዝኛ ግሥ፣ ስለ «ሌይ ኦፍ» ነው። «ሌይ» ብቻውን ማስቀመጥ፣ ማጋደም ማለት ነው። «ኦፍ» ሲከተለው ግን አሠሪው ሥራ ወይም ገንዘብ ስላነሰው ሠራተኛ ማሰናበቱን ይገልጻል። በአገራችን «የሠራተኛ ቅነሳ» የምንለው ነው። ቀናሹ አሠሪው ስለሆነ፣ ስለራሳችን ስንናገር «አይ ዋዝ ሌድ ኦፍ» ማለትም «ተቀነስኩ» እንላለን።

ችግሩ በጨዋታ መካከል ሁሉንም «ተባረርኩ» ማለታችን ነው። ይህንኑ ወደ እንግሊዝኛ ስንመልሰው «ፋየርድ» ይሆንና ብዙ ጊዜ ጥፋት ያለብን ያስመስላል። ሐሜት የምንፈራው ደግሞ «አይ ኩዊት»፣ «በፈቃዴ ለቀቅኩ» እንላለን። በሥራ አጥነት መድን ማመልከቻ ላይ ግን እነዚህ ሦስት የተለያዩ መልሶች ናቸው።

ይህ መድን እ.ኤ.አ. በ1935 በወጣው የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ የተመሠረተ ነው። ዝርዝሩን እያንዳንዱ ግዛት ቢያወጣም መሠረቱ አንድ ነው፤ ያለ ጥፋቷ ሥራ ያጣች፣ ቀደም ሲል በቂ ደመወዝ ያገኘች፣ የሥራ ፈቃድ ያላትና ሌላ ሥራ የምትፈልግ ሠራተኛን ይደግፋል። ያለ በቂ ምክንያት በፈቃዷ የለቀቀች ግን አብዛኛውን ጊዜ አታገኝም። እንግዲህ የተቀነሰች እህት «ኩዊት» ብላ ብትሞላ የልጆቿን እንጀራ በአንድ ቃል ልታጣ ትችላለች።

ስለዚህ ቅነሳ ሲደርስብን ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጠን እንጠይቅ። «በፈቃዴ ለቅቄአለሁ» የሚል ወረቀት ሳናስነብብ አንፈርም። ሥራው በቆመበት ሳምንት እናመልክት። ማመልከቻችን ውድቅ ቢሆን በደብዳቤው ላይ የተጻፈው ቀን ሳያልፍ ይግባኝ እንበል።

ይህን መጠየቅ ልመና አይደለም። በአብዛኞቹ ግዛቶች መድኑ የሚከፈለው በእኛ ሥራ ምክንያት አሠሪዎች ከሚከፍሉት ግብር ነው። መቀነስም ነውር አይደለም፤ የጎደለው ሥራው እንጂ ሠራተኛዋ አይደለችም። ደብዳቤ የደረሳት እህት ብቻዋን አትጨነቅ፤ ይዛ ትምጣ፣ አብረን እናነባለን።