ፊልም አይቶ ወደ ቤት መመለስ



ከሥራ በኋላ ዕረፍት ለማግኘት ሲል ፊልም የማይመለከት ሰው ዛሬ በከተማችን ጥቂት ነው። ካየ በኋላ ግን ያየውን መርምሮ አስተያየቱን የሚናገር ሰው ከዚያም ያነሰ ነው። ብዙዎቻችን «ደኅና ነበር» ወይም «ጊዜዬን አጠፋሁ» ብለን እናልፋለን። ስለዚህ በቅርቡ ያየኋቸውን አራት ፊልሞች አንሥቼ ያሰብሁባቸውን ላካፍላችሁ ወደድሁ። ከአራቱ አንዱን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፤ ሁለተኛውን የፊልም ዐዋቂዎች ያከብሩታል፤ የቀሩትን ሁለቱን ግን ስማቸውን እንኳ የሰማ ብዙ አይደለም። ዘመኑን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በታወቀው ልጀምር። «ታይታኒክ» በ1997 ዓ.ም. በጄምስ ካሜሮን ተዘጋጅቶ 11 የኦስካር ሽልማት ያገኘ፣ ከሦስት ሰዓት በላይ የሚፈጅ ፊልም ነው። አንዳንድ ወዳጆቼ ይህ ፊልም ሲነሣ ከንፈራቸውን ያጣምማሉ፤ ሕዝብ የወደደው ነገር ሁሉ ቀላል ይመስላቸዋልና። እኔ በዚህ አልስማማም። የሁለቱ ወጣቶች ፍቅር ልብ ወለድ ቢሆንም፣ መርከቢቱ በ1912 ዓ.ም. በእውነት ሰጥማ 1500 ያህል ሰዎች ዐልቀዋል። ከአንደኛ ማዕረግ መንገደኞች ከግማሽ የሚበልጡት ሲድኑ፣ ከሦስተኛ ማዕረግ የዳኑት ከአራት አንድ ያህል ብቻ ናቸው። ፊልሙ ድኾቹን ከተቈለፈ የብረት በር ኋላ አቁሞ ሲያሳየን ይህን እውነት ያስታውሰናል። ጉድለቱ ሌላ ነው። ክፉውን ሰው ፍጹም ክፉ ስላደረገው፣ ማንም ተመልካች «ይህ ሰው እኔን ይመስል ይሆን?» ብሎ ራሱን አይጠይቅም። ሁላችንም ከደጎቹ ጋር አልቅሰን እንወጣለን።

ሁለተኛው «የብስክሌት ሌቦች» የተባለው፣ ቪቶሪዮ ዴ ሲካ በ1948 ዓ.ም. ያዘጋጀው የኢጣልያ ፊልም ነው። ከጦርነቱ በኋላ በሮማ ከተማ ሥራ ያጣ አንድ አባት በግድግዳ ላይ ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ ያገኛል። ሥራው ያለ ብስክሌት አይሆንምና ሚስቱ የአልጋ አንሶላቸውን በመያዣ ሰጥታ ብስክሌቱን ታስለቅቅለታለች። በመጀመሪያው የሥራ ቀን ይሰረቅበታል። ከትንሽ ልጁ ጋር ከተማውን ሲያስስ ውሎ በመጨረሻ ተስፋ ሲቈርጥ፣ እርሱ ራሱ የሌላ ሰው ብስክሌት ሊሰርቅ ሲል ልጁ እያየው ይያዛል። አባቱን ሆኖ የሚጫወተው ሰው የተማረ ተዋናይ ሳይሆን የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ ፊቱ ላይ ያለው ድካም በቀለም የተቀባ አይደለም። በዚህ ፊልም ክፉና ደግ በሁለት ሰው አልተከፈሉም፤ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ይታገላሉ። ልጁ ያፈረ አባቱን እጅ ሲይዝ፣ እኛ ከፈረድንበት ፍርድ የልጁ ይበልጣል።

ሦስተኛው የገዛ አገራችን ሥራ ነው። ጎንደር የተወለደው ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልም በ1974 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ውስጥ ቀርጾ በ1976 ዓ.ም. አወጣው። ጥቁርና ነጭ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ፣ በባላባት መሬት ላይ ስለሚደክም የገበሬ ቤተ ሰብ የሚናገር ነው። ሩጫና ተኩስ የለመደ ዐይን ይቸገርበታል፤ እኔም በመካከሉ ሁለት ጊዜ ተነሥቻለሁ። በኋላ ግን ዝግታው ስሕተት እንዳልሆነ ገባኝ። የገበሬን ድካም ምንም ሳይደክሙ ማየት አይቻልምና፣ ፊልሙ ከድካሙ ጥቂት ያካፍለናል። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል» እንደ ተባለው፣ የባዕዱን መርከብ እስከ ምሰሶው እያወቅን የራሳችንን ሞፈር በፊልም ማየት መሰልቸታችን ያሳዝናል።

አራተኛው የሴኔጋሉ ኡስማን ሴምቤን በ1966 ዓ.ም. ያወጣው፣ አንድ ሰዓት ያህል የሚፈጅ ፊልም ነው። የፈረንሳይኛ ስሙ «የእከሌ ጥቁር» እንደ ማለት ሲሆን፣ የማን እንደ ሆነች ስሙ አይጨርሰውም። ሴምቤን ራሱ በማርሴይ ወደብ ጭነት ያወርድ የነበረ ሠራተኛ ነው። ዲዋና የምትባል የዳካር ልጅ ሕፃናት ልትጠብቅ ተቀጥራ ፈረንሳይ አገር ስትደርስ፣ ምግብ አብሳይ፣ አጣቢና ጠራጊ ትሆናለች፤ ከቤት ወጥታ አገሩን አታይም። አሠሪዎቿ ዐውሬዎች አይደሉም። ብቻ ሰው መሆኗ ትዝ አይላቸውም። ከእናቷ ደብዳቤ ሲመጣ ማንበብ ስለማትችል ጌታው ያነብላታል፤ መልሱንም እርሷ ሳትናገር በእርሷ ስም መጻፍ ይጀምራል። ሕይወቷ በዚያው ቤት በራሷ እጅ ያልፋል። ጌታው ዕቃዋንና ደመወዟን ይዞ ወደ እናቷ ሲሄድ፣ እናቲቱ ገንዘቡን አልቀበልም ትላለች።

አንባቢዬ ሆይ፤ ይህን ፊልም በቤቴ ሳይ፣ ከእኛ ጋር የምትኖረው የቤት ሠራተኛችን ከበሩ አጠገብ ቆማ ትመለከት ነበር። ቋንቋው ስላልገባት ጥቂት ጥቂት እነግራት ጀመር። ከደብዳቤው ላይ ስንደርስ፣

«ጋሼ፣ መልሱን ለምን ራሷ አትጽፍም?» አለችኝ።

«መጻፍ አትችልም» አልኋት።

ጥቂት ዝም ብላ፣ «እኅቴም ዐረብ አገር ናት፤ እርሷም አትችልም» አለችና ወደ ማድ ቤት ገባች።

ከዚያ በኋላ ፊልሙን አየሁ ማለት ይከብደኛል። ባለፈው ዓመት ይህች ልጅ የማታ ትምህርት ቤት ልግባ ብላ ለምናኝ ነበር። «ታዲያ እራቱን ማን ያቀርባል?» ብዬ የከለከልኋት እኔ ነኝ። ክፉ ቃል አልተናገርኋትም፤ ደመወዟንም አላስቀረሁባትም፤ ስለዚህም ራሴን ከደጎቹ ወገን ቈጥሬ እኖር ነበር። እኔ ከሁለተኛ ደረጃ የደረስሁት ሌሎች እራታቸውን አዘግይተውልኝ መሆኑን ዘንግቼዋለሁ።

ዛሬ ልጅቱ ማታ ማታ ደብተሯን ይዛ ትሄዳለች። እኔና ባለቤቴ እራቱን ተራ በተራ እናሞቃለን፤ አንዳንድ ቀን ያርርብናል። ይህን የምናገረው ለመመስገን አይደለም፤ ይህን ያህል የዘገየ ነገር አያስመሰግንም።

እንግዲህ አስተያየቴ ይህ ነው። ፊልም የታወቀ ስለ ሆነ አይናቅ፤ ያልታወቀ ስለ ሆነም አይመለክ። መመዘኛው፣ መብራቱ ከበራ በኋላ በቤታችን ያለውን ሰው ከቀድሞው አጥርተን እንድናይ ማድረጉ ነው። እናንተም በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ፊልም አይታችሁ ስትጨርሱ፣ «ከዚህ ታሪክ ውስጥ እኔ የትኛው ነኝ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም ከበሩ አጠገብ ለቆመው ሰው ንገሩት።