የኦጎልቾ ስንዴና የሥራ ተነሳሽነት



ስለ ሥራ ተነሳሽነት እንድናገር ስጋበዝ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። የዚህችን ከተማ፣ የኦጎልቾን፣ ስም የያዘ የዳቦ ስንዴ ዝርያ አለ። ኦጎልቾን እ.ኤ.አ. በ2012 ለገበሬው የለቀቀው የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ነው።

ዘመኑን አስታውሱ። ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት ቢጫ ዋግ የተባለው በሽታ የአገሪቱን ስንዴ መትቶ፣ ገበሬው አምኖ ይዘራቸው የነበሩት የኩብሳና የገላማ ዝርያዎች ተረትተው ነበር። አንድ ዝርያ ገበሬው እጅ እስኪገባ ዓመታት ይፈጃል፤ በየክረምቱ ይዘራል፣ በሽታው ይለካል፣ ያልሆነው ይጣላል፣ የተረፈው በሌላ አፈር ይፈተናል። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ዋግ ራሱን እየለወጠ መምጣቱ ነው፤ ዛሬ የጸናው ነገ ሊወድቅ ይችላል። ታዲያ ተመራማሪውን ወደ ማሳው የሚመልሰው ምንድን ነው? ጭብጨባ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝርያው ሲረታ ትጋቱም አብሮ በወደቀ ነበር።

መልሱን ለመፈለግ አንድ ጥናት እንይ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤድዋርድ ዴሲ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት ተማሪዎችን እንቆቅልሽ አስፈታ። ገንዘብ የተከፈላቸው፣ ክፍያው ሲቀር በነፃ ጊዜያቸው ወደ እንቆቅልሹ የመመለስ ፍላጎታቸው ቀነሰ። ይህ ደመወዝን ለመንፈግ ሰበብ አይሆንም፤ የሠራተኛን ላብ መክፈል ግዴታ ነው። ዴሲና ባልደረባው ሪቻርድ ራያን ኋላ እንዳስረዱት ግን የውስጥ ተነሳሽነት ሦስት ነገሮችን ይሻል፤ በሥራ ላይ የራስ ውሳኔን፣ እየቻሉ መምጣትን፣ ከሰው ጋር መተሳሰርን።

ሦስቱንም መገንባት እንችላለን። ኃላፊዎች፣ ግቡን ንገሩ፤ መንገዱን ግን ሠራተኛው ይምረጥ። ሠራተኞች፣ እንደ ስንዴ ተመራማሪው መዝገብ ያዙ፤ ትናንት ያቃታችሁንና ዛሬ የቻላችሁትን ጻፉ፤ ያልተጻፈ እድገት ለባለቤቱም አይታይም። የልማት ሠራተኛው ምክሩ የደረሰበትን ጎተራ፣ መምህሩ ማንበብ የጀመረውን ልጅ ሄዶ ይይ። ድካሙ የማን ማዕድ ላይ እንደደረሰ ያየ ሰው ቀስቃሽ አይጠብቅም።

ኦጎልቾ ስንዴም አንድ ቀን ለሚበልጠው ቦታውን ይለቃል። ያን የሚበልጠውን ዘር ዛሬ ማንም ሳያየው የሚያሳድግ ሰው አለ። በየሥራችን እንደዚያ ሰው እንሁን።