ስለ አንዲት ቫልቭ ስውር ነውር

የአቶም ምድጃ ሥራውን ካቆመ በኋላም ግለቱ ወዲያው የማይበርድ፣ ዘወትር ውሃ የሚሻ በመሆኑ፣ የውሃውን መንገድ የምትከፍትና የምትዘጋ ቫልቭ የደኅንነቱ ዘበኛ ናት።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጥቅምት 2010፣ በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ በብራውንስ ፌሪ ጣቢያ 1ኛ ምድጃ፣ ሠራተኞች የማቀዝቀዣውን ውሃ ለመልቀቅ ቢሞክሩ፣ የአንዲቱ ቫልቭ ክዳን ከዘንጓ ተላቆ በመቀመጫው ላይ እንደ ተጣበቀ ተገኘ። ባለቤቱ መሥሪያ ቤት ምክንያቱን ከፋብሪካ በመጣ የብሎን ጥርስ ጉድለት ላይ ሲያሳርፍ፣ የአገሪቱ የኒውክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ግን፣ ይህ ስውር ነውር በፍተሻ አስቀድሞ ሊገለጥ ይገባው ነበር በማለት፣ በግንቦት 2011 የመጨረሻውን ብርቱ የ«ቀይ» ደረጃ ሰጠው።

እንግዲህ የሠሪ እጅ ቢስት እንኳ የመርማሪ ዓይን ሊያንቀላፋ አይገባም፤ ይህች ክዳን የምትፈለገው በመከራ ቀን ነውና፣ ያን ጊዜ ጸጸት አይረባም።