በሐዲዳችን ያለፉት የቃኘው ዘማቾችና ማኅበራቸው
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በታሪክ ክበብ አባላት የተደረገ ንግግር)



 የመረጥነው ርእስ የኮሪያ ዘማቾች ማኅበር ነው። «ኮሪያንና አዋሽ ሰባት ኪሎን ምን አገናኛቸው?» የሚል ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። መልሱ ግን ሩቅ አይደለም፤ በአሮጌው ባቡር ጣቢያችን ይገኛል።

በሰኔ ወር 1942 ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ጦር ደቡብ ኮሪያን በወረረ ጊዜ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባሎቹን ርዳታ ጠየቀ። ኢትዮጵያ ራሷ በ1928 ዓ.ም. በፋሺስት ኢጣልያ ስትወረር ወደ መንግሥታት ማኅበር ጮኻ የደረሰላት አልነበረም። ስለዚህ የደረሰባትን በሌላው ላይ ላለማየት ከክብር ዘበኛ የተመረጠ ሻለቃ ጦር አዘጋጀች፤ ስሙም በራስ መኮንን የፈረስ ስም «ቃኘው» ተባለ። በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ የሚመራው የመጀመሪያው ቃኘው በሚያዝያ ወር 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በባቡር ተሳፍሮ፣ በዚሁ በእኛ አገር በአዋሽ በኩል ቁልቁል ወርዶ፣ ከጅቡቲ በመርከብ ወደ ፑሳን ተጓዘ። በዚያ ባቡር ውስጥ ከነበሩት አንዳንዶቹ በዕድሜ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን እምብዛም የሚበልጡ አልነበሩም።

በየተራው የዘመቱት ከ6 ሺሕ ይበልጣሉ። ከነዚህም 120 ያህሉ ሲሞቱ ከ500 የሚበልጡት ቆስለዋል፤ የተማረከ ግን አንድም የለም። የወደቀውን ጓድ ትቶ መመለስ በነሱ ዘንድ ነውር ነበርና የሞቱትም ዐፅማቸው ወደ አገሩ መጥቶ በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አርፏል። ደግሞም እዚያው በጦርነቱ አገር ሳሉ ከደመወዛቸው እያዋጡ፣ ወላጆቻቸውን ላጡ የኮሪያ ሕፃናት ማሳደጊያ አቁመዋል። እንደኛ አስተያየት ማኅበሩ የተወለደው በጽሕፈት ቤት ሳይሆን እዚያ፣ በምሽጉ ውስጥ ነው።

ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ግን ደርግ የሰሜን ኮሪያ ወዳጅ ስለ ሆነ፣ ኮሪያ መዝመት የሚያኮራ መሆኑ ቀርቶ የሚደበቅ ነገር ሆነ። ሜዳሊያውን ከሣጥን ሥር የቀበረ ብዙ ነው። ማኅበሩ በግልጥ ሊንቀሳቀስ የቻለው መንግሥቱ በ1983 ዓ.ም. ከተለወጠ ወዲህ ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ፣ አፍንጮ በር፣ የመታሰቢያ ሐውልትና ጽሕፈት ቤት አለው። ሥራውን ስንመለከት በየሰፈራችን ካለው እድር ብዙም አይለይም፤ የታመመውን ይጠይቃል፣ ለተቸገረው ርዳታ ይፈልጋል፣ የሞተውን በክብር ይሸኛል። ልዩነቱ አዲስ አባል የማይመዘገብበት እድር መሆኑ ነው። በሕይወት ያሉት ዕድሜያቸው ከ90 ዓመት ያለፈ ስለ ሆነ፣ ቀባሪው ከዓመት ወደ ዓመት እያነሰ ይሄዳል።

የደቡብ ኮሪያ መንግሥትና ሕዝብ ውለታውን አልረሱም። ቹንቾን በምትባለው ከተማ በ1960 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት የኢትዮጵያ ዘማቾች ሐውልት ቆሟል። ለዘማቾቹ የገንዘብና የሕክምና ርዳታ ያደርጋሉ፤ ለልጅ ልጆቻቸውም የትምህርት ዕድል ይሰጣሉ። ይህን ስንሰማ ደስ አለን፤ ደግሞም ቅር አለን። እንግዳው ውለታውን ሲከፍል ቤተ ሰቡ ምን አደረገ? ሚያዝያ 27 ቀን አርበኞቻችንን በአራት ኪሎ ሐውልት ሥር እናስባቸዋለን፤ የሚገባም ነው። የቃኘውን ሰው ግን፣ በተለይ ከአዲስ አበባ ርቆ በየባቡር ጣቢያውና በየገጠሩ የኖረውን፣ ማን ጠየቀው?

በአፋር ወገኖቻችን ዘንድ ዳጉ የሚባል መልካም ልማድ አለ። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቁጭ ብለው የሰሙትንና ያዩትን ሁሉ ሳይነጋገሩ አይለያዩም፤ ወሬው ከሰው ሰው ተላልፎ በረሃውን ያቋርጣል። እኛም በዚሁ ልማድ ልንጠቀም አስበናል። አባቶችና እናቶች፣ በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ የዘመተ አባት ወይም አያት ካለ፣ ወይም በሕይወት ከሌለ የሚያውቀው ሰው ካለ፣ ስሙን፣ በስንተኛው ቃኘው እንደ ዘመተና የተቀበረበትን ቦታ ንገሩን። ዘመቻው በባቡር ሲያልፍ የተመለከቱ የባቡር ሠራተኞች ለልጆቻቸው ያወሩት ቢኖር እርሱንም እንጽፋለን። የምናገኘውን ሁሉ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት እንልካለን፤ በሕይወት ያለ ዘማች ከተገኘ ደግሞ በየወሩ እየተዘዋወርን እንጠይቀዋለን፤ ውሃ መቅዳትም ሆነ ደብዳቤ መጻፍ ቢያስፈልገው እናግዘዋለን።

መዝገቡ ከሰኞ ጀምሮ በቤተ መጻሕፍቱ ይቀመጣል። ፎቶግራፍ የምታመጡ ወላጆች የባለ ፎቶግራፉን ስም በወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ እንድትሰጡን እንለምናለን፤ ቅጂው ተወስዶ ዋናው በዚያው ቀን ይመለስላችኋል።