ስለ ሐረማያ ሐይቅና በዳርቻው ስለሚኖሩ ሰዎች

በድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለገጠር ትምህርት ቤት መምህራንና ተማሪዎች የተነገረ

መምህራንና ልጆቼ ሆይ፤ በ2014 ዓ.ም. ነፃ የንግድ ቀጣና በተባለው በዚህ ስፍራ የፋብሪካውን ሥራ ስትመለከቱ ውላችኋል። እኔ ግን የምነግራችሁ ስለ ውኃ ነው፤ ድሬዳዋ ሐይቅ የላትምና ከጕድጓድ ቀድታ የምትጠጣ ከተማ ናት።

ከዚህ ተነሥተን የደንገጎን ዳገት ስንወጣ ሐረማያን እናገኛለን። በሐይቁ ዓሣ ይጠመድበት፣ ረዥም እግር ያለው ፍላሚንጎና ሌላውም የውኃ ወፍ ያርፍበት ነበር፤ የሐረርም ሕዝብ ለብዙ ዘመን ከእርሱ ጠጣ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ግን ደረቀ፤ ጀልባ ይሄድበት በነበረው ላይ ከብት ተሰማራ።

ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ጫትና አትክልት ለማጠጣት በዳርቻው ብዙ የውኃ መሳቢያ ሞተር ተተከለ፤ ከተማውም ከዚያው ይቀዳ ነበር፤ ዛፉ ካለቀበት ኮረብታ የወረደው ደለልም ሆዱን ሞላው። ባላገሩን ለብቻው የሚወቅስ ሰው ፍርድ አያውቅም፤ ባላገሩ ልጆቹን የሚያበላው ከዚያው ማሳ ነውና።

ከዚህ በኋላ ለሐረር በዚሁ በድሬዳዋ ቆላ ጕድጓድ ተቆፍሮ ውኃው በሞተር ኃይል ዳገት እንዲወጣ ኾነ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል፣ ሐረር 1,900 ሜትር ያህል ናቸው። የሐይቁን ዋጋ ለማወቅ የሚሻ ተማሪ ቀንሶ ያስላው።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ውኃው ተመልሷል፤ ዝናሙም፣ በኮረብታው የተሠራው እርከንና የተተከለው ችግኝም ረድተውታል። እንግዳም ሊያየው ይመጣል። ነገር ግን ከእንግዳው ገንዘብ የሚቀበለው ባለ ጀልባና ባለ ቡና ቤት ብቻ ከኾነ፣ ማሳው ከዳር ያለ ገበሬ ስለ ምን ብሎ ሞተሩን ያጠፋል? የይስሐቅ እረኞችና የጌራራ እረኞች እንኳ በአንድ ጕድጓድ ተጣልተዋል። ስለዚህ ከገንዘቡ ከፊሉ ለእርከንና ለችግኝ፣ ውኃ ለቀነሰው ገበሬም ካሣ እንዲኾን፣ የመቅጃውም ቀን በሽማግሌዎች ፊት እንዲወሰን ያስፈልጋል።

ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ የመዘገበው ጣና ለዚህ ምሳሌ ይኾናል፤ በእንደዚህ ያለ ስፍራ ፈጽሞ የማይነካ፣ በመጠን የሚጠቀሙበት፣ ሰው አርሶ የሚኖርበትም ክፍል ተለይቶ ይከለላልና።

በሐረማያ አጠገብ የምትማሩ ልጆች በየክንድ ስንዝሩ ምልክት ያለበት እንጨት በውኃው ዳር ትከሉ። በየሳምንቱ ሰኞ ውኃው የደረሰበትን በደብተር ጻፉ፤ በበጋው መካከልም መምህራችሁ ጽሕፈቱን ለአባቶቻችሁ ያንብብላቸው።