ሚዛኑን ማን ይመዝነዋል?

(በተማሪዎች የውይይት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ስለ አንድ በሽታና ስለ መለኪያው ነው። በሽታው ስኪዞፍሬኒያ ይባላል፤ ስሙን እ.ኤ.አ. በ1908 ያወጣለት የስዊስ ሐኪም ኦይገን ብሎይለር ነው። ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ መስማትና የሌለውን ነገር አለ ብሎ አጥብቆ ማመን የታወቁት ምልክቶቹ ናቸው። ነገር ግን በሽተኛውን ከሥራውና ከጎረቤቱ የሚለየው ሌላ የተሰወረ ችግር አለ፤ ይኸውም የሰውን ፊት፣ ድምፅና አነጋገር አስተውሎ ሐሳቡን የመረዳት ችሎታ መድከሙ ነው። ይህን ችሎታ ማኅበራዊ ግንዛቤ እንለዋለን።

ድምፁን የሚያስታግሡ መድኃኒቶች አሉ፤ ማኅበራዊ ግንዛቤን ግን እምብዛም አያሻሽሉም። ስለዚህ በልምምድ ለማሻሻል የሚደክሙ ሐኪሞች አሉ። ድካማቸው ፍሬ ማፍራቱ የሚታወቀው በመለካት ነው። ታዲያ መለኪያው ራሱ ይታመናልን?

አንድ ምሳሌ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1995 ኮርኮራን፣ መርሰርና ፍሪዝ የተባሉ ሊቃውንት በእንግሊዝ አገር ያቀረቡት የፍንጭ ፈተና ዐሥር አጫጭር ታሪኮች አሉት። በየታሪኩ መጨረሻ አንዱ ሰው የፈለገውን በቀጥታ ሳይሆን በጎን ይናገራል። ተፈታኙም «ምን ማለቱ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። ወዲያው ከገባው 2፣ ተጨማሪ ፍንጭ ተሰጥቶት ከገባው 1 ነጥብ ያገኛል፤ ጠቅላላው 20 ነው።

አንድ በሽተኛ ዛሬ 12 አገኘ እንበል። ሕክምናው ሳይለወጥ ከሦስት ሳምንት በኋላ 16 ቢያገኝ ተሻለው ማለት ነውን? ምናልባት ታሪኮቹን አስታውሷቸው ይሆናል፤ ምናልባት በፊተኛው ቀን እንቅልፍ አጥቶ ነበር፤ ምናልባትም ሁለት ፈታኞች አንዱኑ መልስ በተለያየ መንገድ አርመውት ይሆናል። አንድ ጆንያ ጤፍ ሁለት ጊዜ ተመዝኖ ሁለት ዓይነት ኪሎ ቢያወጣ፣ የምንጠረጥረው ጤፉን ሳይሆን ሚዛኑን ነው። በሽተኛውም ይህ ፍርድ ይገባዋል።

በአሜሪካ ኤሚ ፒንካም፣ ዴቪድ ፔንና ባልደረቦቻቸው ስኮፕ በተባለው ጥናት ሚዛኖቹን መዘኑ። እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ውጤት ስምንት ፈተናዎችን ለ179 በሽተኞችና ለ104 ጤነኞች ሰጥተው፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይተው ደገሙላቸው። ሁለቱ ውጤቶች ይስማማሉን? ፈተናው በሽተኛውን ከጤነኛው ይለያልን? ከዕለት ኑሮውስ ጋር ይገናኛልን? ብለው ጠየቁ። በሁሉም ረገድ ብርቱ ሆነው የተገኙት ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ የፍንጭ ፈተና ሲሆን፣ ሌላው አንድ ተዋናይ በ21 አጫጭር ፊልሞች የሚያሳየውን ስሜት የሚያስለየው የቤልና የላይሳከር ፈተና ነው። ሦስቱ መካከለኛ፣ ሦስቱ ደካማ ሆኑ። ከደካሞቹ አንዱ በሰዎች መካከል ያለውን የግንኙነት ዓይነት ማስተዋልን የሚለካው ነበር።

ይህ የቁጥር ጨዋታ ብቻ አይደለም። ሚዛኑ ሲዋዥቅ የሚጠቅም ሕክምና ከንቱ ተብሎ ይጣላል፤ የማይጠቅመው ይመሰገናል፤ ሠርቶ ማደር የሚችል ሰውም አይችልም ተብሎ ቤት ይውላል።

በአገራችንም ነገሩ ይመለከተናል። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በቡታጅራ አካባቢ በተደረገው ጥናት ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ተጠይቀው የስኪዞፍሬኒያ ሕሙማን ተለይተዋል፤ እንዲህ ያለ ታላቅ ሥራ በገጠርም ሊሠራ እንደሚቻል ታይቷል። ነገር ግን የውጭውን ፈተና ወደ አማርኛ መመለስ ብቻውን አይበቃም። ወጣቱ በሽማግሌ ፊት ዓይኑን ቢሰብር አክብሮት እንጂ ፍርሃት ላይሆን ይችላል። በጎን መናገርም ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ ሌላ መልክ አለው። በእንግሊዝኛ የታመነ ፈተና በአማርኛም የታመነ ነው ማለት አንችልም፤ በቋንቋው፣ በመጀመሪያ በጤነኞች ላይ፣ ከዚያም በሕሙማን ላይ፣ ሁለት ሁለት ጊዜ ሊሞከር ይገባዋል።

ይህ ሥራ የሐኪሙ ብቻ አይደለም። የሥነ ልቡና፣ የስታቲስቲክስና የቋንቋ ተማሪዎችም ድርሻ አለን። በሽተኛው ደከመ ብለን ከመፍረዳችን በፊት ሚዛናችንን እንመዝን።