ትክ ትክ የሚለው ሞተር ምን ይናገራል?

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንናገር የተነሣነው ስለ እድራችን መኪና፣ ስለ አሮጌዋ ኮምቢ ቮልስዋገን ነው። እኛ መካኒክ አይደለንም። ዕድሜያችንን የፈጀነው በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ነው፤ ትምህርታችንም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ነገር ግን መኪናዋን እንድንቆጣጠር አደራ የሰጣችሁን እናንተ ስለሆናችሁ፣ የሠራነውን ስሕተት ደብቀን ብንቀመጥ አደራ በላ እንባላለን። ስለዚህ የደረሰውን እንደ ደረሰ እንናገራለን፤ መኪና ያላችሁም ትማሩበታላችሁ።

አምና ከጥምቀት በኋላ መኪናዋ ከኋላዋ፣ ሞተሩ ካለበት በኩል፣ ትክ ትክ የሚል ድምፅ አመጣች። አንዱ «ሞተሩ አብቅቶለታል» አለ፤ ሌላው «ዘይት ቀይሩላት» አለ። አንድ ጋራዥ ደግሞ ሞተሩ ወርዶ ሙሉ በሙሉ መታደስ አለበት ብሎ የጠየቀን ዋጋ የካዝናችንን ግማሽ የሚጠርግ ነበር። እኛም ደነገጥንና እዚሁ ሰፈር የሚሠራ አንድ ልጅ ጠርተን «ብቻ ይኼን ድምፅ አጥፋልን» አልነው። ልጁ ያዘዝነውን ፈጸመ። የፑንተሪያውን ብሎን ሳይለካ፣ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ አጠበቀው። መኪናዋ ጸጥ አለች። ኮሚቴው ተደሰተ፤ እኛም በቃለ ጉባኤው ላይ «ድምፁ ጠፍቷል፤ ጉዳዩ ተዘግቷል» ብለን ጽፈን ፈረምን።

ከአምስት ሳምንት በኋላ የአንዲት አባላችን እናት አረፉ። ድንኳኑን፣ አግዳሚውንና ብረት ድስቱን ጭነን ስንሄድ መኪናዋ ዳገቱ መካከል ላይ አቅም አጥታ ቆመች። ብንገፋት፣ ብናስነሣት እንቢ አለች። ድንኳኑን በትከሻችን ተሸክመን ስንደርስ ለቀስተኛው ካፊያ ላይ ቆሞ አገኘነው። ያቺ አባላችን አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገረችንም። እስከ ዛሬም አልተናገረችንም። ብትሰድበን ይሻለን ነበር።

በማግስቱ ጡረተኛ ሹፌር የሆኑት አንጋፋ አባላችን መጥተው የቫልቩን ክዳን ከፈቱና ቀና ብለው አዩን። «አቶ ጸሐፊ፣ የጠላችሁት ድምፁን ነው ወይስ በሽታውን?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቫልቭ ሲሞቅ ይረዝማል። ስለዚህ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ በቫልቩ ጫፍና በሚገፋው ብረት መካከል ጥቂት ክፍተት ይተዋል፤ በእኛው ሞተር 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። ክፍተቱ ሲሰፋ ብረት ከብረት እየተላተመ ትክ ትክ ይላል። ይኼ ጉልበት ይቀንሳል፣ ብረቱንም ቀስ በቀስ ይበላል እንጂ ሞተሩን ቶሎ አይገድልም። ክፍተቱ ጨርሶ ሲጠፋ ግን ድምፁም ይጠፋል፣ ቫልቩም አጥብቆ አይዘጋም። ቫልቭ ደግሞ ሙቀቱን በብዛት የሚያስተላልፈው ተዘግቶ መቀመጫው ላይ ባረፈ ጊዜ ስለሆነ፣ ካላረፈ ይቃጠላል። የጭስ ማስወጫው ቫልቭ ይብሳል። በቀድሞዎቹ የቮልስዋገን ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር የሚሄደውን ነፋስ ስለሚከልል፣ ከሁሉም ይልቅ የሚሞቀው ሦስተኛው ነው። የእኛም የተቃጠለው ያው ሦስተኛው ነበር። ቴስታታውን ለመፍታት ደግሞ ሞተሩ መውረድ አለበት። ሞተሩን ላለማውረድ ብለን ያደረግነው ነገር ሞተሩን አስወረደን።

እንግዲህ አሮጌ ሞተር ትክ ትክ ሲል በምን ቅደም ተከተል እንደሚመረመር ከእኒሁ አባታችን የተማርነውን እንናገር።

አንደኛ፣ ዘይት ነው። መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁሞ፣ ሞተሩ ከጠፋ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ማየት ነው። ይኼ ሞተር የሚይዘው 2.5 ሊትር ብቻ ስለሆነ ትንሽ ጉድለት ይጎዳዋል።

ሁለተኛ፣ ድምፁ መቼ እንደሚበረታ ማስተዋል ነው። በብርድ ጮኾ ሲሞቅ የሚቀንስ፣ ዳገት ላይ የሚብስ ከሆነ የማርሚታውን መጋጠሚያዎች እዩ፤ ጥላሸት ካገኛችሁ ጭስ የሚያፈተልከው በዚያ ነው። የላላ ካንዴላም እንዲሁ ትክ ትክ ያሰኛል።

ሦስተኛ፣ ቺንጊያውን ማየት ነው። ጠርዙ የተተለተለ ቺንጊያ ሲዞር አጠገቡ ያለውን ቆርቆሮ ይመታል። በዚህ ሞተር ላይ ማራገቢያውን የሚያዞረው እሱ ነውና፣ ቢበጠስ ሞተሩ ይጋያል።

አራተኛ፣ ማዳመጥ ነው። የረጅም ካቻቪቴ እጀታ ከጆሮ ሥር ካለው አጥንት ላይ አስደግፎ፣ ጫፉን ግራና ቀኝ ባሉት የቫልቭ ክዳኖች ላይ ማሳረፍ ነው። ነጠላና ክራባት ከቺንጊያው ይራቁ! ድምፁ ቀላልና የተስተካከለ ሆኖ ከክዳኑ ሥር ጎልቶ ከተሰማ ፑንተሪያ ነው። ከሞተሩ ሆድ ዱብ ዱብ የሚል ከባድ ድምፅ ወጥቶ፣ ጭነት ሲኖር ከበረታ ግን የቢየላ ኩሽኔታ ሊሆን ይችላልና ሞተሩን አጥፍቶ ማስጎተት እንጂ መንዳት የለም።

አምስተኛ፣ መለካት ነው። ሌሊቱን ባደረ ቀዝቃዛ ሞተር ላይ፣ የሚለካው ሲሊንደር ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተው ሳለ፣ መለኪያው ስስ ብረት ጥቂት እየያዘ ማለፍ አለበት። ይኼም በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይደረጋል።

ስድስተኛው የጸሐፊ ሥራ ነው፤ እሱን እኛም እናውቅበታለን። ሞተሩ ስምንት ቫልቮች ስላሉት፣ ስምንት ዓምድ ያለው ደብተር አዘጋጅተን መኪናዋ ውስጥ አኑረናል። ከማስተካከል በፊት የተገኘው ልክ ይጻፍበታል። የአንዱ ቫልቭ ክፍተት በየጊዜው እየጠበበ ከመጣ፣ ወይ ቫልቩ እየረዘመ ነው ወይ መቀመጫው እየሰመጠ ነው፤ ሳይቃጠል እንደርስበታለን ማለት ነው።

አሁን መኪናዋ ታድሳ ትሠራለች። ጠዋት ጠዋት ትንሽ ትክ ትክ ትላለች፤ እኛም ደስ ይለናል። በስብሰባችንም ቢሆን የሚያጉረመርም አባል ሲነሣ «ዝም በል» ማለታችንን ብንተው መልካም ነው። የሚያሠጋው ክፍያውን እየከፈለ ነገሩን በሆዱ ይዞ የሚቀመጠው ነው።

በመጨረሻም ያቺን አባላችንን በዚህ ጉባኤ ፊት ይቅርታ እንጠይቃለን። «ጉዳዩ ተዘግቷል» ያልነው ቃለ ጉባኤም በእኛው እጅ ተሰርዞ «ጉዳዩ በየጊዜው ይታያል» ተብሎ ተጽፏል።